በጎን በር የገባው ቪዲዮ

ጅማ፣ መንደራ ቆጪ፣ ባጃጆች ከሚሰለፉበት ጥግ ጀርባ፣ የቤታችን አንዷ ክፍል ወደ መንገድ ትዞራለች። ድሮ እህል የምናስቀምጥባት ነበረች። አሁን የልጅ ልጄ የማሂራ የሥራ ቦታ ሆናለች። ውስጧ አንድ ትልቅ ኮምፒውተር፣ ሁለት ወንበርና አንድ ማራገቢያ አለ። ማራገቢያው ፊቱን ያዞረው ወደ ኮምፒውተሩ ነው፤ እኛ ቢሞቀን ማሂራ ግድ የላትም።

ጎረቤቶች ልጅቷ እዚያ ተዘግታ ምን እንደምትሠራ ሲጠይቁኝ «ገና ያልተሠራ ቤት ታስጎበኛለች» እላቸዋለሁ። ቤት ለማሠራት ያሰበ ሰው ፕላኑን ይዞ ይመጣል። እሷ ኮምፒውተሩ ውስጥ ግድግዳውን ታቆማለች፣ ጣሪያውን ታለብሳለች፣ ግቢው ላይ ዛፍ ትተክላለች። ከዚያ ሰው በእግሩ እየዞረ እንደሚያየው አድርጋ በቪዲዮ ታወጣለታለች። መሠረቱ ሳይቆፈር «የመኝታ ቤቱ መስኮት ጠበበ» ብሎ የሚቆጣ ሰው በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ቤት ማየት የጀመረችው ግን ኮምፒውተር ከማወቋ በፊት ነው። እናቷ ፈድሊያ አጋሮ ታስተምር ስለነበር ማሂራን ያሳደግኳት እኔ ነኝ። ገና አምስት ዓመት ሳይሞላት፣ ሰው ቤት ይዣት ስሄድ፣ ሰላም ከማለቷ በፊት ግድግዳውን በመዳፏ መታ መታ ታደርጋለች። ከየትኛው እንጨት እንደተሠራ የገባት ይመስል ጆሮዋን ትሰጣለች። አንድ ጊዜ ለቅሶ ቤት ውስጥ፣ ሰው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ በተቀመጠበት፣ «ይሄ ጣሪያ በዚህ በኩል ወርዷል» አለች። እጇን ቆንጥጬ አስወጣኋት። በሳምንቱ ባለቤቱ ጣሪያውን ሲያስጠግን አየሁት፤ ለእሷ ግን አልነገርኳትም።

እኔን «አኮ» ትለኛለች፤ በኦሮምኛ አያት ማለት ነው። እኔ ፊደል የቆጠርኩት ሃምሳ አራት ዓመት ከሆነኝ በኋላ ሲሆን ያስጠናችኝም እሷው ናት፣ ሦስተኛ ክፍል ሳለች። ቁጥር ግን ከልጅነቴ አውቃለሁ። ቁጥርን ያስተማረኝ የሊሙ ገነት የቡና ሚዛን ነው።

ሊሙ ገነት ተወልጄ ያደግኩበት ነው። የልጅነት ጓደኛዬ ለጢፋም የዚያው ልጅ ናት። አሥራ ሁለት አሥራ ሦስት ዓመት ሲሆነን ሁለታችንም አንድ ነጋዴ ግቢ ቡና እንለቅም ነበር፤ ጥቁሩንና የተሰበረውን ከደህናው እየለየን። የነጋዴው ቤት ከታች ድንጋይ፣ ከላይ እንጨት፣ ዙሪያውን በረንዳ ያለው ፎቅ ነበር። ከሰዓት በኋላ ጥላ ሲረዝም የበረንዳው ፍልፍል እንጨት መሬቱ ላይ አበባ አበባ የሚመስል ጥላ ይጥላል። እኔና ለጢፋ ሰፌዳችንን ይዘን እዚያ ጥላ ውስጥ እንቀመጥና አበባው በማናችን ጉልበት ላይ እንዳረፈ እንከራከራለን። ጥላው ሄዶ ሄዶ አጥሩ ሥር ሲደርስ የሥራ ሰዓታችን አለቀ ማለት ነው። ሌላ ሰዓት አልነበረንም።

ኋላ የነጋዴው ልጅ ሙሐመድሳኒ ለጢፋን አገባት። እኔ ወደ ጅማ ተዳርኩ። ለጢፋ በዚያ ቤት ሃምሳ ሁለት ዓመት ኖረች፤ ሦስት ልጆች ወልዳ አሳደገች፤ የባሏንም አስከሬን የሸኘችው ከዚያው ቤት ነው። አሁን ዓይኗን ሞራ ጋርዶታል። ትልቅ ነገር ቀስ ብሎ ካለፈ ታየዋለች፤ የቀረውን በእጇ እየዳበሰች ታገኘዋለች። ቤቷ ውስጥ ስትሄድ የሚያያት ሰው ዓይኗ ታማሚ መሆኑን አያውቅም። ግድግዳው ይመራታል።

ባለፈው ኅዳር ልጆቿ ቤቱ ይፍረስ ወይስ ይጠገን በሚለው ተከራከሩ። ሊሙ ገነት የሚነግደው ፋሂም ይፍረስ አለ፤ በቦታው ከታች ሱቅ፣ ከላይ ኪራይ ያለው ባለ ሦስት ፎቅ እንዲቆም ፈለገ። ተቋራጭ አስመጥቶ የአዲሱን ሕንፃ ቪዲዮ አሳይቷል። አስተማሪዋ ሂንድ፣ ከእናቷ ጋር የምትኖረው፣ ይጠገን ትላለች፤ ግን የሚሰማት የለም። ታላቅየው ሱፊያን አዲስ አበባ ነው የሚነግደው። ቤቱ ከፈረሰ እናቱን ወስዶ አምስተኛ ፎቅ ላይ ካለው ቤቱ ሊያኖራት ነው። ክፉ ልጅ አይደለም፤ አዝኖላት ነው። እኔ ግን ለጢፋን ከዚያ ግድግዳ የለያት ሰው ዓይኗን ለሁለተኛ ጊዜ እንደሚጋርደው አውቅ ነበር። እሷም ታውቃለች።

ደወለችልኝ። «ነጅላ፣ የልጅ ልጅሽ ያልተሠራ ቤት ታሳያለች አሉ።»

«ታሳያለች።»

«የተሠራውንስ? የእኔን ቤት ታድሶ ቢሆን ምን እንደሚመስል ለልጆቼ ታሳያቸዋለች?»

ሱፊያን ተስማማ። በወሩ መጨረሻ ዓርብ፣ ከጁምዓ ሶላት በኋላ፣ ሦስቱም ልጆች በእናታቸው ሳሎን ተቀምጠው ሁለቱን ቪዲዮዎች ያያሉ፤ እዚያው ይወስናሉ። ከዚያ ወዲያ ወሬ የለም አለ።

ማሂራና እኔ ቤቱን ለመለካት ሄድን። ለጢፋ ባለሙያ እንግዳ ይመጣል ብላ ትልቁን የመንገድ በር አስከፍታ፣ ደጃፉን አስጠርጋ ጠበቀችን። የእርምጃዬን ድምፅ እንደሰማች «አንቺ ነጅላ፣ አረጀሽ» አለችኝ።

«አታዪ፣ በምን አወቅሽ?»

«ሲረግጡ ይታወቃል። ድሮ እንደ ድኩላ ነበርሽ። አሁን ጆንያ ሲያራግፉ ነው የምትመስዪው።»

«የአንቺስ ምላስ ምነው ሞራ አልያዘው?» አልኳት። ተቃቅፈን ቆየን።

ማሂራ ቀይ ብርሃን በሚረጨው መለኪያዋ ሙሉ ቀን ስትለካ ዋለች። ማታ ላይ በሚኒባስ ስንመለስ ዝቅ ባለ ድምፅ «አኮ፣ ቤቱ ጥሩ ነው፤ ሌላ መቶ ዓመት ይቆማል» አለችኝ። «የኋላው ሚዛን ቤት ግን አልቋል። ምስጥ በልቶታል። እሱ መፍረስ አለበት።» ሚዛን ቤት የሚባለው ቡና ይመዘንበት የነበረ ጠባብ ክፍል ነው፤ ሙሐመድሳኒ ንግዱን ከተወም በኋላ ቀኑን እዚያ ይውል ነበር።

ለሦስት ሳምንት ቤቱን በኮምፒውተሯ ሠራችው። የበረንዳውን ፍልፍል አበባ አንድ በአንድ ስትስል አጠገቧ ተቀምጬ አየኋት። ዓርቡ አምስት ቀን ሲቀረው ቪዲዮውን ወደ ማውጣት ገባች። ስክሪኑ ላይ ቁጥር የሞላበት ሰሌዳ ተከፈተ።

«ኤክስፖርት ነው የሚለው» አለችኝ።

«እኔ ኤክስፖርት የማውቀው ቡና ነው።»

«ይሄም ደረጃ ማውጣት ነው። ፎቶው ምን ያህል ይተልቅ፣ በሰከንድ ስንት ፎቶ ይሁን፣ ምን ያህል ታምቆ ይቀመጥ፣ እሱን መምረጥ።»

«አንቺ የቱን መረጥሽ?»

«ከሁሉም ትልቁን። ፎር ኬ፣ በሰከንድ ስልሳ።»

«ስልሳ ምን?»

«ስልሳ ፎቶ። ቪዲዮ እኮ ፎቶ ነው አኮ፣ ተደርድሮ የሚሮጥ።»

«የሰው ዓይን በአንድ ሰከንድ ስልሳ ይቆጥራል?»

«አይቆጥርም። ግን ይለሰልሳል። የተቋራጩ ቪዲዮ እንደ መስታወት ነው አሉ። የእኔ ከሱ ካነሰ ፋሂም በመጀመሪያው ደቂቃ ይስቃል።»

ፍርሃቷ ገባኝ። ይህ በስሟ የተቀበለችው የመጀመሪያ ትልቅ ሥራ ነበር። ኮምፒውተሩ ለአራት ደቂቃዋ ቪዲዮ ሃያ አራት ሰዓት እንደሚፈልግ ጻፈ። እሑድ ጠዋት ጀመረች። ሙሉ ቪዲዮ ሆኖ በአንድ ፋይል እንዲወጣ ነበር ያዘዘችው። ከሰዓት በኋላ፣ ከሩብ በላይ ሄዶ፣ መብራት ጠፋ። መብራት ተመልሶ ፋይሉን ብትነካው አልከፈት አለ። ያ ሁሉ ሰዓት እንደ ፈሰሰ ውኃ ሆነ።

ማሂራ አላለቀሰችም። ፀጉሯን እንደ አዲስ ጠቅልላ አሰረችና «እንዲህ አይደለም የሚደረገው፤ ጥድፊያ ነው» አለች። ሰሌዳውን ከፍታ፣ ቪዲዮ የሚለውን ትታ እያንዳንዱ ፎቶ ለብቻው እየወጣ እንዲቀመጥ አዘዘች። በዚህ ዓይነት መብራት ቢሄድ የሚጠፋው አንድ ፎቶ ብቻ ነው፤ የወጡት ይቀመጣሉ። መብራት ሲመጣ ከቆመበት ይቀጥላል፤ በመጨረሻ ይገጣጠማል። መንደራ ቆጪ ውስጥ ለሚሠራ ሰው ሌላ መንገድ የለም አለችኝ።

እኔ ጠባቂ ሆንኩ። እሷ ምግብ ስትበላ፣ ስትሰግድ፣ ጎኗን ስታሳርፍ፣ ወንበሩ ላይ እቀመጣለሁ። ደብተሬ ላይ እጽፋለሁ፦ «ሰኞ፣ አምስት ሰዓት፣ መብራት ሄደ፣ 3118።» «ሰኞ፣ ስምንት ሰዓት፣ መጣ፣ ከ3118 ቀጠለ።» ከኮምፒውተሩ የሚወጣውን ፎቶ እያየሁ፣ በልጅነቴ ያለፍኩበት በረንዳ አንድ ስንዝር አንድ ስንዝር ወደ እኔ ሲመጣ ይታየኝ ነበር። አንዳንዴ መጻፍ እረሳ ነበር።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ አለቀ። ገጣጠመችውና «አንቺ ቀድመሽ እዪው» ብላ አስቀመጠችኝ።

ትልቁ የመንገድ በር ወለል ብሎ ተከፈተ። እንደ አሞራ ተንሳፍፈን ገባን። የእንግዳ ክፍሉ፣ ደረጃው፣ ፎቁ፣ በረንዳው፣ ሁሉም አለ፤ የእንጨቱ ጅማት ሳይቀር ይታያል። ማሻአላህ የሚያሰኝ ነው። ሲያልቅ ነጠላዬን መሰብሰብ ጀመርኩ።

«ምነው አኮ?»

«ቆንጆ ነው።»

«ቆንጆ ነው ስትዪ አፍሽ ይጠባል። ምንድን ነው?»

ነገርኳት። «በዚህ በር እኮ እኔ በዕድሜዬ አንድ ጊዜ ነው የገባሁት። ያን ቀን ካንቺ ጋር።»

የዚያ ቤት ደንብ እንዲህ ነበር። የመንገዱ በር የነጋዴ ነው። ደላላ፣ ጆንያ፣ የሩቅ እንግዳ በዚያ ይገባል። ቤተሰቡ የሚገባው በጎን በር ነው፤ በእንሰቱ አጠገብ አልፎ፣ ሚዛን ቤቱን ታክኮ፣ ሁለት የድንጋይ ደረጃ ወጥቶ። ለጢፋ ሙሽራ ሆና የገባችው በጎን በር ነው። ልጆቹ ከትምህርት ቤት የሚመጡት በጎን በር ነው። ሙሐመድሳኒ ራሱ ደንበኞቹን በመንገዱ በር ከሸኘ በኋላ ዞሮ በጎን በር ይገባ ነበር፤ እናቱ «በፊት ለፊት ከገባህ ዋጋ ልትጠይቀኝ የመጣህ ይመስለኛል» ትለዋለች እየተባለ ይሳቅ ነበር። ያን ቀን ለጢፋ ትልቁን በር ያስከፈተችው ለማሂራ ክብር ስትል ነው። ማሂራም በተከፈተላት ገባች፤ ቪዲዮውንም እንደዚያው ሠራችው።

«ሱፊያን ይህን ሲያይ የሚያየው የሰው ቤት ነው» አልኳት። «ለጢፋማ ጨርሶ የት እንዳለች አታውቅም። ደግሞ ይሮጣል።»

ማሂራ ስክሪኑን አየች፤ እኔን አየች። «የተናገርሽው መቼ ነው? ማክሰኞ። አኮ፣ መጀመሪያ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?»

«መጀመሪያ አንቺ መች አሳየሽኝ? ያሳየሽኝ አበባውን ነው።»

እውነት ነበር። ከዚያ እንደ ነጋዴ በጣቶቿ መቁጠር ጀመረች። በጎን በር የሚገባ፣ ለጢፋ ልትከተለው የምትችል ቀስ ያለ ጉዞ ስምንት ደቂቃ ይፈልጋል። በፎር ኬ ከሆነ በዚህ መብራት እስከ ዓርብ አይደርስም። በትንሹ ፎቶ፣ ፉል ኤችዲ በሚሉት፣ በሰከንድ ሠላሳ ከሆነ ግን የስምንት ሰዓት ሥራ ነው፤ መብራት እየሄደ እየመጣም ሐሙስ ያልቃል። ያለቀውና የጠራው ቪዲዮ በእጇ ነው። ሊሠራ የሚችለው ደግሞ ጥራቱ ያነሰ ነው።

«ለማን ነው የምሠራው?» አለች፤ ጥያቄው ለእኔ አልነበረም። ስልኳን አንስታ ለሂንድ ደወለች። «የሳሎኑን ቴሌቪዥን ጀርባ ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ።»

ሂንድ «ጀርባውን ምን ታደርጊዋለሽ? አቧራ ነው ያለው» ስትል ይሰማኛል። ፎቶው መጣ። ማሂራ ቁጥሩን አንብባ፣ የዚያን ሳምንት የመጀመሪያ ሳቋን ሳቀች። ቴሌቪዥኑ ሙሐመድሳኒ በሕይወት ሳለ የገዛው ነው፤ ፎር ኬውን ብንወስድለትም የሚያሳየው ሩቡን እንኳ አይሆንም። «ሁለት ቀን ሙሉ ማንም የማያየውን ነገር ስታስጠብቂኝ ነበር» አልኳት። «አዎ፤ ደብተርሽ ግን ቆንጆ ነው» አለችኝ።

የካሜራውን ከፍታ ከአንድ ሜትር ከሰባ ወደ አንድ ከአርባ አወረደችው፤ ለጢፋ ጎብጣ የምታይበት ነው። መንገዱን በእንሰቱ በኩል አዞረችው። እዚያ ላይ ሁለታችንም ቆምን። በመንገዱ በር የገባው ቪዲዮ ሚዛን ቤቱን አያሳይም ነበር። በጎን በር የሚገባ ሰው ግን በሚዛን ቤቱ አጠገብ ነው የሚያልፈው። በማሂራ ሥራ ደግሞ ያ ክፍል የለም፤ በቦታው ባዶ ሜዳ ነው ያለው።

«መልሰሽ አስገቢው» አልኳት። «ለቪዲዮው ብቻ። አባታቸው የሚውልበት ነው። ያንን ሲያዩ ልባቸው ይሸነፋል።»

«ለማስገባት አሥር ደቂቃ አይፈጅብኝም።»

«ታዲያ?»

«ካዩት ይፈልጉታል። እንጠግን ብለው ሲወስኑ ሰው መጥቶ ግድግዳውን ሲነካው ይወድቃል። ያን ጊዜ ፋሂም ምን ይላል? አዴ ለጢፋስ ምን ትሆናለች?» እጇን ከማውሱ ላይ አነሳች። «የማይቆም ነገር አላቆምም፣ አኮ።»

ተቆጣሁ። ረቡዕን ሙሉ በቁጥብ ቃል ነው ያናገርኳት። ግን ወንበሩ ላይ ተቀምጬ መዝገቤን ጻፍኩ። መብራት አራት ጊዜ ሄደ። ሐሙስ ከቀትር በኋላ የመጨረሻው ፎቶ ወጣ፤ ገጣጠመችው፤ የቆየ ቴሌቪዥን ሁሉ የሚያነበውን ዓይነት መርጣ በሁለት ፍላሽ ገለበጠችው። አንዱን ለእኔ ሰጠችኝ። በነጠላዬ ጫፍ ቋጠርኩት።

ዓርብ ሊሙ ገነት ስንደርስ በየደጃፉ ቡና እንዲደርቅ ተሰጥቶ ነበር። ሳሎኑ ውስጥ ሱፊያን ከአዲስ አበባ መጥቶ ከእናቱ አጠገብ ተቀምጧል። ፋሂም ቆሞ ነው። መጀመሪያ የተቋራጩ ቪዲዮ ታየ። ሰማይ ላይ ተነስቶ፣ መስታወቱን ዞሮ፣ በሁለት ደቂቃ አለቀ። ለጢፋ ፊቷን ወደ ድምፁ አዙራ ነበር። «ዶሮ ነው የሮጠው?» አለች። ሂንድ ሳቋን ዋጠች።

ማሂራ ፍላሿን ሰካች።

ፋሂም ወዲያው «ይሄ እንደዚያኛው አይጠራም» አለ።

«ቴሌቪዥኑ የሚችለው ይህን ነው» አለች ማሂራ።

ካሜራው በመንገዱ በር ፊት አለፈና አልገባም። ወደ እንሰቱ ዞረ። ቀስ እያለ፣ አንድ እርምጃ፣ ከዚያ አንድ እርምጃ። ሱፊያን ወደ ፊት ሰገግ አለ። ለጢፋ እጇን አነሳች፤ መጀመሪያ ምን እንደምትፈልግ አልገባኝም። በአየሩ ላይ ግድግዳ እየዳበሰች ነበር። «አሁን ደረጃው ነው» አለች፤ ካሜራው ደረጃው ላይ ሳይደርስ በፊት።

ሱፊያን ግን እጁን ዘረጋ። «አንዴ አቁሚው። ሚዛን ቤቱ የታለ?»

ማሂራ አቆመችው።

ፋሂም «ይኸው» አለ። «እሷም አፈረሰችው። እኔ ሳፈርስ ጥፋት ነው፣ እሷ ስታፈርስ ዕድሳት ነው።»

«ምስጥ በልቶታል፣ ኦቦ ሱፊያን» አለች ማሂራ። «ቪዲዮው ላይ ላቆመው እችል ነበር። በመሬት ላይ አይቆምም። የቀረው ቤት ይቆማል፤ እሱን ለክቼዋለሁ።»

«አባታችን ያለፈው እኮ እዚያ ክፍል ነው» አለ ሱፊያን።

«አውቃለሁ። አኮ ነግራኛለች። እንድመልሰውም ለምናኛለች።»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። መሬት አየሁ። ያን ጊዜ ለጢፋ ተናገረች። «ልጅቷን ተዋት፣ ሱፊያን። እኔ ካወቅኩ ሁለት ዓመቴ ነው። ስዳብሰው እጄ ገባበት። እናንተ ስትመጡ እንዳታዩ ጆንያ ሰቀልኩበት፣ ካዩ ቤቱን ሁሉ ያፈርሱብኛል ብዬ።»

ሂንድ «እማዬ፣ ለእኔ እንኳ አልነገርሽኝም» አለች።

«አንቺ ካወቅሽ ፊትሽ ይናገራል።»

ሱፊያን ተነሳና ወጣ። ማሂራ ተከተለችው፤ ፋሂምም። ለጢፋ እጄን ያዘችና ሁለታችንም በጎን በር ወርደን ድንጋዩ ላይ ቆምን። ሱፊያን ጆንያውን አነሳው። ግድግዳውን በመዳፉ ሲገፋው እንጨቱ እንደ ደረቅ ዳቦ ፈረፈረ። ወደ ቀኝ ሄዶ የዋናውን ቤት ምሰሶ ገፋው፤ በትከሻው ደገመው። አልተነቃነቀም። ፋሂምም መጥቶ ገፋው፤ ከወንድሙ አብልጦ ገፋው።

ሱፊያን እጁን አራገፈ። «የዚያ የተቋራጩ ቪዲዮ ላይ» አለ፣ «የሚጎድል ነገር አንድም አላየሁም። እኔ ስነግድ እንከኑን የማያሳይ ዕቃ አልገዛም።» ወደ ማሂራ ዞረ። «ይህ ክፍል ይወርዳል። ቤቱ ይጠገናል። ምን ምን እንጨት እንደሚያስፈልግ ጻፊልኝ።»

«ሱቁስ?» አለ ፋሂም።

«በመንገዱ በኩል የነጋዴ በር አለልህ አይደል? በዚያ ግባና ነግድ።» ፋሂም አጉረመረመ፤ ግን ኮቱን አውልቆ አጥሩ ላይ ሰቀለ።

ለጢፋ እጄን አጥብቃ ያዘች። የምትወደው ቤት ተረፈ፤ ባሏ ይውልበት የነበረው ክፍል ደግሞ ዓይናችን እያየ ሊሄድ ነው። ሁለቱ ወንድማማቾች የሙሐመድሳኒን ወንበር አወጡ፣ አሮጌውን ሚዛን አወጡ፣ ቁጥሩ የደበዘዘውን፣ እኔ ቁጥር የተማርኩበትን። ሂንድ ዕቃውን እየጠረገች ትቀበላለች። ማሂራ ራቅ ብላ ቆማ ነበር፤ ሠርታ ያሸነፈች ሰው አትመስልም፣ ለቅሶ የመጣች ነው የምትመስለው። ሄጄ ጀርባዋን ደባበስኳት። ረቡዕ የተኮራረፍነው እዚያ ላይ አበቃ።

ከዚያ ፋሂም ምስጡ እስከ የት እንደሄደ ለማየት የኋላውን ሳንቃ ጎተተው። ሳንቃው ሌሎቹንም ይዞ ወረደ። አቧራው ሲቀመጥ የምዕራቡ ፀሐይ በቀጥታ ገባ፤ በእንሰቱ ላይ፣ በድንጋይ ደረጃው ላይ፣ በለጢፋ ፊት ላይ። ሚዛን ቤቱ ከልሎት በዚያ በኩል ፀሐይ ገብቶ አያውቅም። ዓይኗን ጨፈነች፤ ከዚያ ከፈተችው፤ ወደ ብርሃኑ ዞረች።

«ነጅላ፣ ስንት ሰዓት ሆነ?» አለችኝ።

«ገና አሥር አልሆነም» አልኳት።

«እንዴት ይበራል ታዲያ» አለችና፣ እጄን ሳትለቅ፣ ደረጃው ላይ ተቀመጠች።